ሳይገባቸው የማይጽፉት ወይዘሮ እንቁ ዲበኩሉ

ወይዘሮ እንቁ ዲበኩሉ የተወለዱት ሐምሌ 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በወንጂ የሸንኮራ ማሳ ላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ሳለ ነው።

አባታቸው አቶ ዲበኩሉ ተክለሃይማኖት ከመንዝ ወርደው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሚዛን ሠራተኛ ሆነው የኖሩ፣ እናታቸው ወይዘሮ መሰለች ሰይፈሚካኤል ደግሞ በዚያው በሠራተኞች ሠፈር ቤት አቅንተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ወይዘሮ እንቁ ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ።

ገና በልጅነታቸው የአባታቸውን ምሳ ይዘው ወደ ሚዛኑ ቤት ሲሄዱ፣ ሸንኮራ የጫነው ጋሪ ሲገባም ሲወጣም እንደሚመዘን አዩ። የሙሉው መመዘን ገባቸው፤ የባዶው ግን አልገባቸውም። ጠየቁ። አቶ ዲበኩሉ ሳቁና «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሚዛን ላይ ስኖር ፋብሪካው ራሱ እንዲህ አልጠየቀኝም» አሏቸው፤ ከዚያም ምሳቸውን አስቀምጠው፣ የሸንኮራው ክብደት የሚገኘው ከሙሉው ላይ ባዶው ሲቀነስ መሆኑን አስረዷቸው። እናታቸው ይህን ሲሰሙ «ይህችን ልጅ የሚያገባ ሰው መልስ ተሸክሞ ይምጣ» ብለው ነበር። ቃሉ በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወንጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው አዳማ ተከታትለው በ1980 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። የማትሪክ ውጤታቸው ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት አነሳቸው። ወይዘሮ እንቁ በዚህ አዝነው ቤት የተቀመጡ ሰው አልነበሩም። የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ሙያ ተምረው በ1983 ዓ.ም. በአዳማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። የሚተይቡት ደብዳቤ ሐሳቡ ካልገባቸው ወረቀቱን ይዘው ወደ ጻፈው ሰው ይመለሱ ነበር። አለቃቸው «እንቁ፣ ተይቢው እንጂ አትመርምሪው» ይሏቸው እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። ብዙ ደብዳቤ በዚህ ምክንያት ዘግይቶ ወጥቷል። አንዳንዱም ተሻሽሎ ወጥቷል።

በ1989 ዓ.ም. በከባድ ጭነት መኪና አሽከርካሪነት የሚተዳደሩትን የሞጆውን ተወላጅ አቶ ሎሚ ሆራን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አገቡ። አቶ ሎሚ ሽማግሌ በላኩ ጊዜ ወይዘሮ መሰለች «ለመሆኑ ልጁ መልስ ይዟል?» ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መልስ እንኳ አልያዘም፤ መኪና ግን ይዟል» አሉ። ጋብቻው በሳቅ ጸደቀ። ከዚህ ትዳር ምልኬሳ ሎሚና ዱሬቲ ሎሚ ተወለዱ። በቤታቸው አማርኛም አፋን ኦሮሞም እኩል ይነገር ነበር። ወይዘሮ እንቁ ኦሮምኛን የተማሩት ከአማታቸው ነው፤ ጎረቤቶቻቸው እንደሚመሰክሩት፣ ያወቁትን ቃል ሁሉ ወዲያው ለጥያቄ ያውሉት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. በቦኩ ባንክ ሞጆ ቅርንጫፍ ተቀጠሩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሕመም እስከከለከላቸው ድረስ በየማለዳው ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። በመጀመሪያ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ሆኑ፤ ቆይተው ወደ ውጭ ንግድ ክፍል ተዛወሩ። በዚያ ክፍል ሥራቸው የኤልሲ ሰነድ መመርመር ነበር። ኤልሲ፣ የዕቃ አስመጪው ባንክ ባሕር ማዶ ላለው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ማረጋገጫ ነው፤ ሻጩ ዕቃውን መጫኑን የሚያስረዱ ሰነዶች በስምምነቱ መሠረት ተሟልተው ሲቀርቡ ባንኩ ይከፍላል።

እዚህ ላይ የወይዘሮ እንቁን ቤት መመልከት ያስፈልጋል። ባለቤታቸው ኮንቴይነሩን ከጅቡቲ እየጎተቱ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያመጣሉ፤ እርሳቸው ደግሞ የዚያኑ ኮንቴይነር ወረቀት ሞጆ ቁጭ ብለው ያነብባሉ። አቶ ሎሚ ከመንገድ በተመለሱ ማታ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ባልም ሚስትም በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን አይተው አያውቁም። ይህ ነገር ለአቶ ሎሚ ምንም አልነበረም። ለወይዘሮ እንቁ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. አንድ የባንክና የፋይናንስ ሙያ ማሠልጠኛ በአዳማ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ከፈተ። ትምህርቱ ከሥራ ጎን ለጎን የሚሰጥ ነበር፤ ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች ያለፈ ሰው የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ያገኛል። ባንኩ ማንንም አላስገደደም፤ ደመወዝም በዚህ አይጨምርም። ወይዘሮ እንቁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ተመዘገቡ። በዕድሜ የልጃቸው ታላቅ ሊባሉ የሚችሉት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኢሊያስ «እትዬ እንቁ፣ በዚህ ዕድሜ ሰው የልጁን ምረቃ ነው የሚጠብቀው» ሲሏቸው «እሱንም እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከምጠብቅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ምን አለበት?» ብለው መለሱ።

የሚያጠኑት በሚኒባስ ውስጥ ነበር። ከአዳማ እስከ ሞጆ ያለው መንገድ ለአንድ ርዕስ ይበቃል ይሉ ነበር። ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡና መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ያልገባቸውን ከፍ ባለ ድምፅ ያነቡታል። ለቆዳ ፋብሪካ የሚሄዱ ሠራተኞች፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ወደ ደረቅ ወደቡ የሚጣደፉ ትራንዚተሮች፣ ወደ ዱከም የሚያልፉ ወጣቶች ሳይመዘገቡ ተማሪ ሆኑ። ወለድ በወለድ ላይ እንዴት እንደሚወለድ በዚያ መኪና ውስጥ ብዙ ክርክር ተደርጓል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ባንክ እኔ ያስቀመጥኩትን ለሌላ ካበደረ፣ እኔ ስመጣ የሚሰጠኝ የማንን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ እንቁ መጽሐፉን ከደኑት። «የእርስዎ ጥያቄ ከመጽሐፉ ይበልጣል፤ ነገ ይሳፈሩ» አሏቸው። በማግሥቱ አዛውንቱ ተሳፈሩ፤ መልሱንም አገኙ።

በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሮና ወረርሽኝ ክፍሎቹን ሁሉ ሲያዘጋ ትምህርቱ ተቋረጠ። ሲከፈት ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቻቸው አልተመለሱም። እርሳቸው ተመለሱ። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ የትምህርት ዓይነት በስተቀር ሌሎቹን ሁሉ አለፉ። የቀራቸው የራሳቸው ሥራ የሆነው የውጭ ንግድ ክፍያ ነበር።

የወደቁበት ምክንያት በአዳማና በሞጆ መካከል ለሚኖር ሰው ብቻ የሚሆን ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ አንድ አስመጪ የመኪና ጎማ ያዝዛል፤ ሰነዶቹ ተሟልተው ለባንኩ ይደርሳሉ፤ አስመጪው ግን «ጎማው የተበላሸ ነው ሲባል ሰምቻለሁና እንዳትከፍሉ» ብሎ ያመለክታል፤ ባንኩ ምን ያደርጋል? ትክክለኛው መልስ፣ ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ ዕቃ ስላልሆነ ይከፍላል የሚል ነው። ወይዘሮ እንቁ ግን «ደረቅ ወደቡ ቅርብ ስለሆነ ሄጄ ኮንቴይነሩን አስከፍቼ አያለሁ» ብለው ጻፉ። ደንቡን አንብበውታል፤ ቅርቡን ማየት እያለ ሩቁን ማመን ግን ሊሆንላቸው አልቻለም። ወረቀታቸውን ለማየት ለማሠልጠኛው አመልክተው መልሱ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ባዩ ጊዜ መምህሩን የጠየቁት ስለ ነጥቡ አልነበረም። «ለምን አያይም?» ብለው ነው የጠየቁት። መምህሩ «ደንቡ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ እንቁ ይህን መልስ ተቀብለው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም።

አቶ ኢሊያስ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ወደቁ። «እትዬ፣ ባንኩ ሞጆ ላይ ያስቀመጠዎት ለዚህ መሰለዎት? የአዲስ አበባ ተማሪ እኮ ይህን ስሕተት ቢፈልግም አይሳሳተውም!» አሏቸው። እርሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

በ2015 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ተፈተኑ። የሚፈለገውን መልስ በዚህ ጊዜ ያውቁታል። ልጆቻቸውም፣ ባለቤታቸውም፣ አቶ ኢሊያስም «ጻፊውና ተገላገይው» ብለው መክረዋል፤ እያንዳንዱ በየአክብሮቱ። ተመሳሳይ ጥያቄ መጣ። ባዶውን ትተውት ወጡ። ዱሬቲ ተናድዳ «እማዬ፣ መልሱን እያወቅሽው!» ስትላቸው «መልሱን አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላውቀውም። ያልገባኝን በእጄ አልጽፍም» አሏት። ውጤቱ በጥቂት ነጥብ አነሰ።

በማሠልጠኛው ደንብ አንድን ትምህርት ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። በሦስተኛው የወደቀ ያለፈው ሁሉ ተሰርዞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ የቀራቸው አንድ ዕድል ብቻ ነበር፤ የአምስት ዓመት ድካማቸውም በእርሱ ላይ ተንጠለጠለ።

በዚህ መካከል፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ጥቂት ቆይቶም በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት ማድረግ ግድ ሆነባቸው። አቶ ሎሚ የጅቡቲን መንገድ ትተው አዳማ ተቀመጡ። ፈተናው ይቅር የሚል ክርክር በቤቱ ውስጥ ሰነበተ። አቶ ሎሚ «ያ እንቁ ኮ፣ ዱራ ፈያ» ይሏቸው ነበር፤ የእኔ እንቁ፣ መጀመሪያ ጤና ማለታቸው ነው። እርሳቸውም «ሎሚ፣ የታመመው ኩላሊቴ ነው፤ ጥያቄዬ አልታመመም» ይሉ ነበር። አቶ ሎሚ ክርክሩን ተዉት። አንድ ነገር ግን ማድረግ ይችሉ ነበር፤ አደረጉትም።

የሚያውቋቸውን የሞጆዋን ትራንዚተር ወይዘሮ ሃፍሳን ሄደው ለመኗቸው። ወይዘሮ ሃፍሳ የአንድ የመቂ ነጋዴ ወኪል ነበሩና፣ የነጋዴውን ኮንቴይነር ጉምሩክ ለፍተሻ በሚከፍትበት ዕለት፣ ነጋዴውን አስፈቅደው፣ የመግቢያ ፈቃድም አውጥተው ባልና ሚስቱን ወሰዷቸው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር። ፀሐዩ የበረታ፣ ነፋሱም አቧራ ያዘለ ነበር። ወይዘሮ እንቁ ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። ማኅተሙ ተቆረጠ። በሩ ተከፈተ። አቶ ሎሚ ከሚስታቸው በፊት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጎትቱት የኖሩትን ኮንቴይነር ውስጡን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

በውስጡ ለመስኖ የሚሆኑ የውሃ ፓምፖች በካርቶን ተደርድረው ነበር። አንዱ ወጥቶ ተፈታ። ወይዘሮ ሃፍሳ «ይኸው እህቴ እንቁ! ባንኩ የከለከለሽን ይኸው አየሽ። እስቲ ፍረጂ፤ ደህና ነው አይደለም?» አሏቸው።

ወይዘሮ እንቁ ፓምፑን አገላበጡት። ጽሑፉን አነበቡት። በጣታቸው አንኳኩት። አቶ ሎሚ ጎንበስ ብለው አይተው «ቀለሙ ያምራል» አሉ። ወይዘሮ ሃፍሳም «ወላሂ ጋሽ ሎሚ፣ ቀለም ውኃ አይስብም!» ብለው ፈታሹን ሳይቀር አሳቁት። ወይዘሮ እንቁ አልሳቁም። ሌላ ካርቶን እንዲፈታ ለመኑ፤ ያንንም አዩ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። አንዱ ደህና፣ አንዱ ብልሹ ቢሆን እንኳ ልዩነቱን ሊያውቁት አይችሉም ነበር።

ፓምፑን መልሰው «አየሁት፤ ያየሁት ግን ምን እንደሆነ አላውቅም» አሉ። ከዚያም ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «ወረቀቱ ቢሆን አውቀው ነበር» አሉ።

ወደ አዳማ ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ዱሬቲን ጠርተው ያስረዷት ነገር እንዲህ ነበር፤ «ሻጩ ባሕር ማዶ ነው፤ ገዢው መቂ ነው። አይተዋወቁም። ሁለቱም አንብበው አንድ ነገር የሚረዱበት ወረቀቱ ብቻ ነው። እኔ ‹ዕቃውን ልይ› ብዬ ብገባ፣ የማላውቀውን አይቼ ልፈርድ ነው። ያኔ ባሕር ማዶ ያለው ሰው የሚያምነው ባንኩን ሳይሆን የእኔን ዓይን ይሆናል። የእኔ ዓይን ደግሞ፣ አባትሽ ይመስክር፣ ቀለሙን ብቻ ነው ያየው።» አቶ ሎሚ ከጓዳ «ቀለሙን ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ፈተናው ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ዋለ። ሐኪማቸው የቅዳሜውን እጥበት ወደ ዓርብ አዛወሩላቸው። አቶ ሎሚ ከፈተናው አዳራሽ በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ጠበቁ። ወይዘሮ እንቁ ከተፈታኞቹ ሁሉ መጨረሻ ወጡ። ዱከም የሚሠራው ምልኬሳ ደውሎ እንዴት እንደነበረ ሲጠይቃቸው «መጻፊያ ቦታ አነሰኝ» አሉት።

ውጤቱ በየካቲት ወር ወጣ። አለፉ። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀታቸውን በአዳማ ተቀበሉ። በዕለቱ ከተመራቂዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እርሳቸው ነበሩ። መምህራቸው ሊጨብጧቸው ሲቀርቡ ወይዘሮ እንቁ እጃቸውን እንደያዙ «መምህር፣ ባንኩ ዕቃውን እንደማያይ ገብቶኛል። ታዲያ ገዢውን ማን ያይለታል?» አሏቸው። መምህሩ ሰልፉ እንደሚጠብቃቸው ቢያመለክቱም እጃቸው አልተለቀቀም። በመጨረሻ «መድን ነው፣ እትዬ፤ የዕቃ መርማሪ ድርጅትም አለ። ግን ያ ሌላ ትምህርት ነው» ብለው አመለጡ። አቶ ኢሊያስ ይህን ከኋላ ቆመው ሰምተው «በቃ፣ አለቀልን» አሉ።

ወይዘሮ እንቁ በሥራ ቦታቸው የተወደዱ፣ ለጎረቤት ደራሽ፣ በዕድራቸው ውስጥ የሴቶቹ ተጠሪ ሆነው ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ነበሩ። ሰንበት ሲሆን ከቅዳሴ በኋላ እናታቸውን ለመጠየቅ ወንጂ ይወርዱ ነበር። ሶደሬ ፍል ውኃ ቤተሰባቸውን ይዘው በሄዱ ቁጥር ውኃው ከየት ሞቆ እንደሚመጣ ጠባቂዎቹን ይጠይቁ እንደነበርና አንዱ ጠባቂ ሲያያቸው ይሸሽ እንደነበር ልጆቻቸው ያስታውሳሉ። ማንንም ለማሳፈር ጠይቀው አያውቁም። የማያውቀውን «አላውቅም» ያለ ሰው እርሳቸው ዘንድ ክብር ነበረው።

ከሰኔ ወር ጀምሮ ሕመማቸው ጠናባቸው። በአዳማ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው ረቡዕ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሐሙስ ነሐሴ 22 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና የሚኒባሱ ተጓዦች በተገኙበት በአዳማ ይፈጸማል።

ወይዘሮ እንቁ እናታቸውን ወይዘሮ መሰለች ሰይፈሚካኤልን፣ ባለቤታቸውን አቶ ሎሚ ሆራን፣ ልጆቻቸውን ምልኬሳንና ዱሬቲን፣ እንዲሁም ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዛሬም ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ከእርሱ የተሰወረ ምንም ነገር የሌለ አምላክ፣ ለማወቅ ስትተጋ የኖረችውን ነፍሳቸውን በብርሃኑ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸውም የሚያጸና ልብ ይስጥልን። አሜን።

ወይዘሮ እንቁ ዲበኩሉ በመጪው ጥቅምት በአዳማ ለሚጀመረው የጭነት መድን ትምህርት ተመዝግበዋል።